ሴቷንስ ማን ይወስዳል?

ባለፈው እሑድ የቡላን ቡችላዎች ፎቶ እዚህ ገጽ ላይ ከለጠፍኩ ወዲህ የውስጥ መስመሬ ሞልቷል። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ መመለስ ስላልቻልኩ እዚሁ አንድ ላይ ልመልስ። ረዘም ይላል። የቀድሞ ተማሪዎቼ ታውቁኛላችሁ፤ ደወል ከተደወለ በኋላም "አንድ ነገር ብቻ ልጨምር" የምል ሰው ነኝ።

ጥያቄዎቻችሁ ሲጠቃለሉ አራት ናቸው። "ቲቸር፣ ዘራቸው ምንድነው?" "ለአደን ይሆናሉ?" "ከልጆች ጋር እንዴት ናቸው?" ከሁሉም በላይ ደግሞ "ወንድ አለ?" ይቺን የመጨረሻዋን ቁጭ ብዬ ቆጠርኳት። ከጻፉልኝ 31 ሰዎች 26ቱ ወንድ ነው የፈለጉት። ሦስቱ ለጾታው ግድ የላቸውም። ሴት የጠየቁት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዷ በእናቷ ስልክ የጻፈች የአሥር ዓመት ልጅ ናት።

የተወለዱት ግን ሰባት ናቸው። ሦስት ወንድ፣ አራት ሴት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከረው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ዘር።

እናታቸው ቡላ ያበሻ ውሻ ናት። ቁመቷ መካከለኛ፣ ጸጉሯ አጭር፣ ቀለሟ እንደ ስሟ። አምስት ዓመቷ ነው። አባትየው ከዚራ የሚኖር አንድ ወዳጄ ያሳደገው ጀርመን ሸፐርድ ነው፤ ሬክስ ይባላል። ስለዚህ ቡችላዎቹ እኛ ሰፈር "ክልስ" የምንላቸው ናቸው። መጽሐፉ "ዲቃላ" ይላቸዋል። ይህን ቃል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር ሳቅ ይነሳ ነበር። እኔም ሁልጊዜ "እዚህ ክፍል ውስጥ አራቱም አያቶቹ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሰው እጁን ያውጣ" እል ነበር። ድሬ ነው እኮ! ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ አማርኛው፣ አደርኛው፣ ጉራጊኛው በአንድ ግቢ የሚሰማበት ከተማ። የሚወጣው እጅ ጥቂት ነበር፤ ሳቁም ያኔ ያቆማል።

ለምን አዳቀልኩ? በሙቀቱ ነው። ጀርመን ሸፐርድ ሁለት ድርብ ጸጉር አለው፤ ከላይ ሸካራው፣ ከሥር ደግሞ እንደ ጥጥ የታጨቀው። ለጀርመን ክረምት የተሰጠ ካፖርት ነው። ውሻ ደግሞ እንደኛ በመላ ሰውነቱ አያልበውም። ከመዳፉ ሥር ካለችው ትንሽ ላብ በቀር ሙቀቱን የሚያወጣው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። አሁን በግንቦት፣ የድሬ ፀሐይ ከ35 ዲግሪ በላይ ስትወጣ፣ ሬክስ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ አመሻሹ እርጥብ ጆንያ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚውለው። ምስኪን። ቡላ ግን እኩለ ቀን ላይ ግድግዳ ጥላ ሥር ትተኛና ፀሐይ ዘወር ሲል ተነስታ ሥራዋን ትቀጥላለች። ከእሷ አጭር ጸጉርና ጠንካራ ሆድ፣ ከእሱ ደግሞ ቁመናና ቶሎ የመማር ጠባይ ቢገኝ ብዬ ነው።

"ንጹህ ዘር ይሻላል" ያላችሁኝ አላችሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጀርመን ሸፐርድ የሚባል የተመዘገበ ዘር ከእ.ኤ.አ. 1899 በፊት አልነበረም። በዚያ ዓመት ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የሚባል የጀርመን ፈረሰኛ መኮንን የነበረ ሰው አንድ የበግ ጠባቂ ውሻ አይቶ ወደደ፤ ገዛው፤ ሆራንድ ብሎ ሰየመው፤ ማኅበር አቋቁሞም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ አደረገው። ከዚያ በፊት በየአውራጃው ጆሮው የቆመም፣ የወደቀም፣ ጸጉሩ የረዘመም፣ ያጠረም የእረኛ ውሻ ነበር። "ንጹህ" የምንለው ዘር መዝገቡ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ንጹህ የተባለ ክልስ ነው።

በዚያው ልክ "ክልስ ሁልጊዜ ጤነኛ ነው" የምትሉትም ተረጋጉ። ውሻ 39 ጥንድ ክሮሞዞም አለው። ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት ይመጣል፤ ለእያንዳንዱ ቡችላ የትኛው ግማሽ እንደሚደርሰው ግን ዕጣ ነው። አብረው ቢመጡ በሽታ የሚያመጡ ድብቅ ባሕርያት በሁለት የማይዛመዱ ወላጆች መካከል የመገጣጠም ዕድላቸው ያንሳል፤ ይህ እውነት ነው። የጀርመን ሸፐርድ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ግን በአንድ ባሕርይ የሚመጣ ስላልሆነ ወደ ክልሱም ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ነው ሬክስን ከመምረጤ በፊት ሲነሳ፣ ሲቀመጥ፣ ደረጃ ሲወጣ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ቆሜ ያየሁት።

በዓለም ላይ ታዋቂ ከሆኑት ክልሶች አንዱ ላብራዱድል ነው። ዋሊ ኮንሮን የሚባል አውስትራሊያዊ ለዓይነ ስውራን መሪ ውሻ የሚያሠለጥን ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። ሃዋይ የምትኖር አንዲት ዓይነ ስውር ሴት መሪ ውሻ ፈለገች፤ ባሏ ደግሞ የውሻ ጸጉር አይስማማውም። እ.ኤ.አ. በ1989 ላብራዶርን ከፑድል አዳቀለላቸው። ሦስት ቡችላ ተወለደ፤ ለባልየው የተስማማው አንዱ ብቻ ነበር። ከአንድ እናትና ከአንድ አባት፣ በአንድ ቀን ተወልደው! በኋላ ስሙ ሲገን፣ ገንዘብ ያዩ ሰዎች ጤናውን ሳይመረምሩ ያገኙትን ካገኙት ጋር ማዳቀል ጀመሩ። ኮንሮንም በስተርጅናው ያን በር በመክፈቱ እንደሚጸጸት ተናግሯል።

ጠባይንም ከዘር አትጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ከ18 ሺህ በላይ ውሾችን ጠባይ ከባለቤቶቻቸው ጠይቆ፣ የሁለት ሺህ ያህሉን የዘር ውርስ ደግሞ አንብቦ ነበር። በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ዘር ሊያስረዳ የቻለው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ቀሪው የየራሱ የውሻው ተፈጥሮ፣ አስተዳደጉ፣ ያየው የቀመሰው ነው።

ይህን እኔም በቡላ የመጀመሪያ ወሊድ በዓይኔ አይቻለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አምስት ወለደች፤ አባትየው ያው ሬክስ ነበር። አንዱ ወንድ ሳቢያን ገባ። ዛሬ ቁመቱ ከአባቱ አያንስም፤ ድመት ሲያይ ግን ልጆቹ እግር ሥር ይገባል። ወንድሙ ከከተማ ወጣ ብሎ ለሚኖር ገበሬ ደረሰ። እሱ ደግሞ የሚፈራው ነገር የለም፤ ችግሩም እሱ ሆነ። ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልግባ።

አደን።

መጀመሪያ ሕጉን እናስቀምጥ። በአገራችን ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ወንጀል ነው። "ሚዳቋ የሚይዝልኝ" ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ሁለት ሰዎች፣ ከእኔ ዘንድ ውሻ የላችሁም። ቁርጡን ልንገራችሁ።

በእኛ አካባቢ ገበሬ "የአደን ውሻ" ሲል ግን ሌላ ነገር ማለቱ ነው፤ ማሳውን የሚጠብቅለት ማለት ነው። ከከተማችን በስተደቡብ፣ ከደቻቱ ሸለቆ በላይ፣ ገደሉ ላይ አንድ ዋሻ አለ። ፖርክ ኤፒክ ይባላል፤ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 አንሪ ደ ሞንፍሬድና ቴያር ደ ሻርደን ካገኙት በኋላ ሲቆፈር፣ በመካከለኛው የድንጋይ ዘመን የነበሩ አዳኞች የጠረቡት የድንጋይ ስለትና የበሉት የእንስሳ አጥንት ወጥቶበታል። እነዚያ አዳኞች ውሻ አልነበራቸውም። ውሻ ከተኩላ ተለይቶ ከሰው ጋር የተጎዳኘው ከእነሱ በጣም ዘግይቶ ነው። ዋሻው የተሰየመበት ጃርት ግን እስከ ዛሬ አለ። ሌሊት ይመጣል፤ ስኳር ድንችም ሆነ በቆሎ አይመርጥም። ቀን ቀን ዝንጀሮው፣ ከርከሮው አለ። "ውሻ ምን አገባት ከእርሻ" የሚለውን ተረት ያወጣ ሰው በእኔ ግምት ማሽላ ዘርቶ አያውቅም፤ እንዲህ ያለኝ ደግሞ ያ ገበሬ ራሱ ነው።

እሱ የወሰደው ወንድ፣ ያ የማይፈራው፣ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሌሊት ጃርቱን ሊነክስ ዘሎ ገባ። ጃርት እሾሁን አይወረውርም፤ ይህን ተረት ከተማሪዎቼ ጭንቅላት ለማውጣት ስንት ዓመት ደከምኩ። ጀርባውን አዙሮ ወደ ኋላ ይመጣል፤ የሚነክሰው ራሱ ይወጋል። ውሻው አፍንጫውና ምላሱ በእሾህ ተሞልቶ ጠዋት ተገኘ። በእንስሳት ሐኪም ተነቅሎለት ዳነ፤ ሁለት ወር ያህል ግን ማሳ አልወረደም። ቡላ እንዲህ አታደርግም። ያበሻ ውሻ በብዛት እንዲህ አያደርግም። ራቅ ብሎ ይከባል፣ ይጮሃል፣ ባለቤቱን ይቀሰቅሳል። ለገበሬ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ዝንጀሮም ያው ነው። ትልቁ ወንድ ዝንጀሮ የውሻ ደረት ሊቀድ የሚችል ክራንቻ አለው፤ የሚያዋጣው የሚናከሰው ውሻ ሳይሆን ሳይደርሱበት የሚያባርረው ነው።

ገበሬው ዘንድሮ ተመልሶ መጣ። ፎቶውን ሳይሆን ቡችላዎቹን ራሳቸውን ሊያይ፣ ከነ ልጁ። የመረጠው ማንን መሰላችሁ? ሴት። ጎረቤቱ ከዚያው ከመጀመሪያው ወሊድ ሴቷን ወስዶ ነበር። "እሷ ከማሳው አትርቅም፤ የኔው ግን ሌላ መንደር ሴት ሲሸተው ሦስት ቀን ይጠፋል" አለኝ። ወንዱም አሁን አብሯት ይኖራል፤ እሷ ትቀሰቅሰዋለች።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ልጆች።

ለቤት የሚሆን ውሻ የሚሠራበት ጊዜ አጭር ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ባር ሀርበር በሚባል ከተማ ውሾችን ለዓመታት ሲያዳቅሉና ሲያሳድጉ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1965 መጽሐፍ አሳትመዋል። ካዳቀሏቸው አንዱ ከኮንጎ የመጣው የእኛው አህጉር ባሰንጂ ነው፤ እንደ ያበሻ ውሻ ጸጉረ አጭር፣ ጥንቁቅ አዳኝ። ካስተማሩን ነገር ትልቁ ይህ ነው፦ ቡችላ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ድረስ ያየውን ነገር ሁሉ "የኔ ዓለም" ብሎ ይቀበላል። ሰው ያላየ ቡችላ በኋላ ሰው ይፈራል። የፈራ ውሻ ደግሞ ይነክሳል።

ስለዚህ የቡላ ቡችላዎች ዓይናቸው በተከፈተ በሳምንቱ ሥራ ይጀምራሉ። የጎረቤት ልጆች በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ ይመጣሉ፤ ቁጭ ብለው ያቅፏቸዋል። ባጃጅ ግቢ ገብቶ ሞተሩን ያስነሳል። አዛኑንም ደወሉንም ይሰማሉ። ዣንጥላ ፊታቸው ይዘረጋል፣ ትሪ ይወድቃል። ቀፊራ ገበያ ይዣቸው አልሄድም፤ ክትባታቸው ሳያልቅ መሬት ላይ መልቀቅ አይሆንም። በቅርጫት አድርጌ በር ላይ ግን አስቀምጣቸዋለሁ፤ አላፊ አግዳሚው ያነጋግራቸዋል። ከስምንት ሳምንት በፊትም ከእናታቸው አልለያቸውም። ንክሻቸውን መመጠን የሚማሩት ከእሷና እርስ በርስ ሲጫወቱ ነው፤ እህቱን አጥብቆ የነከሰ ትጮህበታለች፣ ጨዋታውም ይቆማል።

"ቲቸር፣ እኛ ሙስሊም ነን፣ ውሻ ቤት ማስገባት አይሆንልንም፤ ልጆቹ ግን አለቀሱብኝ" ያልሽኝ እናት፣ ስለ ሃይማኖትሽ እኔ አላስተምርሽም። የሠፈራችንን ሼኽ ጠይቄ የነገሩኝን ግን ላካፍልሽ። ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ የሚያዝ ውሻ የተፈቀደ ነው፤ ምራቁ የነካው ዕቃ አጠባብም ተደንግጓል። ብዙ ሙስሊም ጎረቤቶቼ ውሻውን ግቢ ውስጥ፣ የራሱ ማደሪያና የራሱ ሳህን ሰጥተው በክብር ይይዙታል። እንዲያውም እነሱ ግቢ ያለ ውሻ ከብዙ ክርስቲያን ቤት ውሻ ይልቅ ውኃው በጊዜው ይቀየራል።

ልጆች ካሉ ከሁሉ የሚቀድመው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። ቀልድ የለም እዚህ ላይ። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ይህ በሽታ የያዘው ሰው አይተርፍም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ ሰው እንደሚሞት ይገምታል፤ ሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶው በውሻ የሚመጣ ነው፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፤ ከዚያም ሐኪሙ በሚያዝዘው ጊዜ ይደገም። የማታውቁት ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚወርድ ውኃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፤ ሰዓት ይዛችሁ። ከዚያ ቀጥታ ጤና ተቋም። "ነገ ይሻለዋል" አይባልም፤ ቫይረሱ ወደ አእምሮ የሚጓዘው ሳምንታትና ወራት ወስዶ በዝምታ ነው። ዓለም አቀፉ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28፣ ብዙውን ጊዜ የመስቀል ማግስት ላይ ይውላል። ደመራው ካለቀ በኋላ ውሻችሁን የምታስከትቡበት ቀን አድርጉት፤ አይረሳም።

እንግዲህ አራተኛው ጥያቄ። "ወንድ አለ?"

ሰው ለምን ሴት እንደማይፈልግ አውቃለሁ። በዓመት አንዴ ሁለቴ ወቅቷ ሲመጣ የሠፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ በር ላይ ያድራል። ከዚያ ትወልዳለች። ከዚያ ቡችላ ማን ይወስዳል? ወንዱን ይወስዱታል፤ ሴቷን ማንም። እናም ሴቷን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይከቷታል።

ይህን እንደ አነጋገር አይደለም የምለው። አምና በጥቅምት ጠዋት ስሄድ ደቻቱ አሸዋ ላይ አፉ በሲባጎ የታሰረ ማዳበሪያ አየሁ። ይንቀሳቀስ ነበር። ፈታሁት። አራት ነበሩ፤ ሁለቱ ሞተዋል። አራቱም ሴቶች። ዓይናቸው ገና አልተከፈተም። ከሁለቱ አንዷ በዚያው ሌሊት ሞተች፤ አንዷን ቡላ ወተት ሳይኖራት አቅፋ አደረቻት፤ እኔ በስሪንጅ ወተት እየሰጠሁ ነፍስ ዘራች። ዛሬ ሁለት ቤት አልፎ ያለ ጋራዥ ውስጥ ዘበኛ ናት። ከረጢቱን ያሰረውን ሰው አላውቀውም። ክፉ ሰው ላይሆንም ይችላል። ወንዶቹን ሸጦ፣ ሴቶቹን የሚያደርጋቸው የጠፋው ሰው ሳይሆን አይቀርም።

በየመንገዱ የምናያቸው ውሾች ከሰማይ አልወረዱም። ብዙዎቹ ያልተፈለጉ ሴቶችና የእነሱ ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ ቡችላ ሳሉ በረሃብ፣ በመኪና፣ በጅብ ያልቃሉ። የተረፉት ሲበዙ ደግሞ በየከተማችን የቆየው መፍትሔ በመርዝ የተለወሰ ሥጋ ነው። መርዝ ችግሩን አያጠፋም። ውሾቹ ባለቁበት ሌሎች ይተካሉ፤ ተከትቦ የነበረውም አብሮ ይሞታል። በሽታውን የሚቆርጠው ከአንድ አካባቢ ውሾች ቢያንስ 70 በመቶውን መከተብ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለውም ይህንን ነው።

ጉዳቱ በከተማም አያበቃም። ከድሬ ርቀን ባሌ ተራሮች ላይ እንውጣ። በዓለም ላይ ከአገራችን በቀር የትም የሌለው ቀይ ቀበሮ እዚያ ነው በብዛት ያለው። አዋቂዎቹ በጠቅላላው ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ1991–92፣ ከዚያም በ2003–04 ከውሻ የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ የነበሩትን አብዛኞቹን ፈጃቸው። በዚያው በባሌ ከውሻ ጋር የተዳቀሉ ቀበሮዎችም ታይተዋል። ክልስ ቡችላ እኔ ግቢ ውስጥ ደስታ ነው። ተራራው ላይ ግን ከጠቅላላው አምስት መቶ ለማይሞላ ፍጥረት መጥፊያ ሊሆን ይችላል። እዚያ ያደረሰው ደግሞ ማንም ያላስከተበው፣ ማንም ያላመከነው ውሻ ነው።

አሁን ሐረማያ የእንስሳት ሕክምና የምትማር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ፎቶው ሥር እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ቲቸር፣ ደቻቱ ዳር ይህ ሁሉ ቡችላ እያለ ለምን ሌላ ያዋልዳሉ?" አንዳንዶቻችሁ ተቆጣችኋት። አትቆጧት። የዓመቱን ምርጥ ጥያቄ ነው የጠየቀችው።

መልሴ ይህ ነው። ክልስ ውሻ የሚፈልግ ሰው አለ፤ 31 ሰው በአንድ ሳምንት አይታችኋል። ከእኔ ካላገኘ በአምስት ሳምንቱ ከእናቱ ነጥቆ፣ በካርቶን አድርጎ፣ መንገድ ዳር ከሚሸጥለት ሰው ይገዛል። ስለዚህ ማዋለዱ በራሱ ኃጢአት አይመስለኝም። ግን የሚያዳቅል ሰው የሚጠየቀው በሚሸጠው ቡችላ አይደለም፤ ለሚሸጠውማ ገዢው አለለት። የሚጠየቀው ማንም ባልፈለጋት ነው። ለእሷ መልስ የሌለው ሰው አያዳቅል።

የኔን መልስ እንዲህ አዘጋጅቻለሁ። የወንዱ ዋጋ ከአምናው ለምን ጨመረ ብላችሁ "ቲቸርም ነጋዴ ሆነ" ያላችሁ አያችኋት፤ ስቄያለሁ። የወንዱ ዋጋ ውስጥ የእህቱ ማምከኛ አለ። ሦስቱ ወንዶች የአራቱን ሴቶች ቀዶ ሕክምና ይከፍላሉ። ሴቶቹ በነጻ ነው የሚሰጡት፤ ዕድሜያቸው ሲደርስ ሐኪም ዘንድ የማደርሳቸው እኔ ራሴ ነኝ፤ ወጪው ከተቀመጠው ገንዘብ ይከፈላል። የወሰዳት ሰው የሚፈርመው አንድ ገጽ ወረቀት አለ። ፍርድ ቤት የሚያቆም አይደለም፤ ግን ሰው ስሙን ከጻፈበት ነገር ቶሎ አይሸሽም።

ሁለተኛው ደንብ ደግሞ ይኸውላችሁ፦ አራቱም ሴቶች ቤት ሳያገኙ አንድም ወንድ ከግቢ አይወጣም። የሬክስ ባለቤት እንኳ፣ እንደ ልማዱ ለአባትየው ድርሻ አንድ ወንድ የሚገባው ወዳጄ፣ እየጠበቀ ነው። መጀመሪያ ኮስተር አለ። ከዚያ እህቱን ደውሎ ጠየቃት። አልወሰደችም፤ ግን ጠየቃት። 26 ሰው እህቱን፣ ጎረቤቱን፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባውን "ሴት ቡችላ ትወስዳለህ?" ብሎ ቢጠይቅ ስንት በር ይከፈታል! አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ወንዱን ለማግኘት ሲል ሴቷን ወስዶ የሚጥል እንዳይኖር ቤቱን ሄጄ አያለሁ፤ በወሩም ተመልሼ አያለሁ።

ቡላም በዚህ ትበቃለች። ሁለት ጊዜ ወልዳለች። ቡችላዎቹ ጡት ከተው፣ ሰውነቷ ሲመለስ እሷም ትመክናለች። ያችን ተማሪዬን ቀዶ ሕክምናው ላይ ቆማ እንድታይ ጋብዣታለሁ፤ እመጣለሁ ብላለች።

እስከ ዛሬ ማታ ያለው እንዲህ ነው። አንዷ ሴት ለገበሬው ተይዛለች። አንዷ ለዚያች የአሥር ዓመት ልጅ፤ እናትየዋ ግቢውን አሳይታኛለች፣ ልጅቷ ስም አውጥታ ጨርሳለች። የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዷ ጆሮዋ ቆሞ አንዱ ያልቆመላት፣ ደፋር፣ ሳህን ውስጥ ገብታ የምትበላ። ሌላዋ ቡላን ቁርጥ የሆነች፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ አጥንታ በኋላ የምትቀርብ። ለማሳም ለቤትም ይሆናሉ። መቼም ውሻ በበላበት ይጮሃል፤ የሚበላበትን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ።

ስምንት ሳምንታቸው የሚሞላው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ማየት የምትፈልጉ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ግን ይሁን። ከዚያ በፊት ሙቀቱ ለእናንተም ለእነሱም አይሆንም።